ሃምሳ ዓመት የጠበቀ መድኃኒት

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. በአሜሪካ የዴንቨር ከተማ ሐኪሞች የ12 ሕሙማንን ነገር ጽፈው አወጡ። አንዳንዶቹ በአደጋ፥ አንዳንዶቹ በበሽታ ተጎድተው የመጡ ሲሆኑ፥ ሳንባቸው ተቆጥቶ ውሃ ስለ ያዘ ኦክሲጅን ቢሰጣቸውም ትንፋሽ አጠራቸው፤ 7ቱ ሞቱ። ይህ ሕመም ዛሬ ኤአርዲኤስ ይባላል።

ሐኪሞቹ ከኮርቲሶን ወገን የሆነ መድኃኒት ጥቂቶቹን ሳይረዳ እንዳልቀረ ጠቁመው ነበር። ነገር ግን በ12 ሰው ምን ይታወቃል? አንዱ ምርመራ ይጠቅማል፥ ሌላው አይጠቅምም ሲል ከ50 ዓመት በላይ አለፈ።

በ2020 ዓ.ም. ኮቪድ የጽኑ ሕሙማንን ክፍል በሞላ ጊዜ ግን፥ በእንግሊዝ አገር ከ6,000 የሚበልጡ ሕሙማን በዕጣ ተለዩ፤ ለአንደኛው ወገን ዴክሳሜታዞን የተባለው የዚያው ዘር ርካሽ መድኃኒት በቀን 6 ሚሊግራም እስከ 10 ቀን ተሰጠ። በመሣሪያ ይተነፍሱ ከነበሩት መካከል፥ መድኃኒቱን ካላገኙት ከመቶው 41 ያህሉ በ28 ቀን ውስጥ ሲሞቱ፥ ካገኙት የሞቱት 29 ያህል ናቸው። መድኃኒቱ ቫይረሱን አይገድልም፤ ቫይረሱን አሳድዳለሁ ሲል ሳንባውን የሚያቃጥለውን የሰውነት ዘብ ያበርዳል እንጂ። ስለዚህ ዘቡ ገና ለሚያስፈልጋቸው፥ ኦክሲጅን ላልፈለጉት ሕሙማን፥ አልጠቀመም።

የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴርም በእኛ አቆጣጠር በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኦክሲጅን ወይም መተንፈሻ መሣሪያ ለሚያስፈልጋቸው ሕሙማን እንዲሰጥ መከረ።