ማራገቢያውን የሚያዘው ማን ነው? ስለ ኮምፒዩተር የሙቀት መለኪያዎችና ድራይቨሮች

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ የሚያስፈልገኝን ስሌት ቤት ባለው ኮምፒዩተሬ እሠራ ነበር። ሊኑክስ የተጫነበት፣ ራሴ የገጣጠምኩት ኮምፒዩተር ነው። ስሌቱ ሌትና ቀን ሳያቋርጥ አምስት ቀን ያህል ይፈጃል። ኮምፒዩተሩ ያለው ከአያቴ መኝታ ጋር በአንድ ግድግዳ በምትዋሰን ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው። በሁለተኛው ቀን ጠዋት አያቴ ቡና እያፈሉ፣ «ያ ዕቃህ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ ነው የሚያድረው፤ ታሟል እንዴ?» አሉኝ። አፈርኩ። የዚያኑ ዕለት ማታ ማራገቢያውን ዝም አሰኘሁት። አያቴ እንቅልፍ አገኙ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ኮምፒዩተሩ በራሱ ጊዜ ጠፋ፤ ሴቭ ያላደረግኩት የሁለት ቀን ስሌትም አብሮት ጠፋ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ማራገቢያውን የሚያዘው ማን እንደሆነ ሳላውቅ ትእዛዙን ነጠቅኩና ተኛሁ። ብዙዎቻችን ኮምፒዩተር እንገጣጥማለን፣ ለጨዋታም ለትምህርትም እንጠቀማለን፤ ውስጡ ያለው ማራገቢያ ግን ካልጮኸ ትዝ አይለንም። ስለዚህ ያቺ ሌሊት ያስተማረችኝን በቅደም ተከተል ላስረዳችሁ።

ሙቀቱን የሚናገረው ማን ነው?

ኮምፒዩተር ውስጥ ሙቀት የሚለካው አንድ ቦታ ላይ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው መለኪያ ያለው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው። ሊኑክስ ላይ ይህን የሚያነቡት ድራይቨሮች ለኢንቴል ኮርቴምፕ፣ ለኤኤምዲ ደግሞ ኬ10ቴምፕ ይባላሉ። ሁለተኛው ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ሱፐር አይኦ የሚባል ትንሽ ቺፕ ነው። ይህ ቺፕ በመጀመሪያ የመጣው እንደ ኪቦርድና ፕሪንተር ያሉትን የድሮ መሰኪያዎች ለማስተዳደር ነበር። ከጊዜ በኋላ ሙቀት፣ ቮልቴጅና የማራገቢያ ፍጥነት መለካትም ሥራው ሆነ። በብዛት የምታገኙት ኑቮቶን ወይም አይቲኢ የሚባሉት የታይዋን ኩባንያዎች የሠሩትን ነው።

ቺፑ ለሙቀት መለኪያ የሚሆኑ ብዙ መግቢያዎች አሉት። የማዘርቦርዱ አምራች ግን ሁሉንም ላይጠቀምባቸው ይችላል። ምንም ያልተገናኘበት መግቢያ ደግሞ ዝም አይልም፤ የሆነ ቁጥር ይሰጣል። እኔ መጀመሪያ «ሴንሰርስ» የምትባለውን ትእዛዝ ስጽፍ አንዱ መስመር 127 ዲግሪ አለኝ። ደነገጥኩ። ውሃ እንኳ በ100 ይፈላል! ቆይቼ ስከታተለው ግን ቁጥሩ ሥራ ሲበዛም ሲያንስም ፈጽሞ አይነቃነቅም። እውነተኛ ሙቀት እንዲህ አይደለም፤ ከሥራው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ያ መግቢያ ባዶ ነበር።

እውነተኛ መለኪያም ቢሆን የሚሰጠው ቁጥር ማብራሪያ ሊፈልግ ይችላል። ኤኤምዲ በ2017 ባወጣቸው አንዳንድ የራይዘን ፕሮሰሰሮች ላይ፣ ለምሳሌ 1700ኤክስና 1800ኤክስ ላይ፣ ፕሮሰሰሩ ለማራገቢያ መቆጣጠሪያ ብሎ የሚያሳውቀው ቁጥር ከእውነተኛው ሙቀት 20 ዲግሪ ከፍ ያለ ነበር። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ማራገቢያው ቀደም ብሎ እንዲፈጥን ያደርጋል። ይህን የማያውቅ ሰው ግን ደህና ፕሮሰሰሩ የተቃጠለ ይመስለዋል። ስለዚህ አንድ ቁጥር ስታዩ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ስንት ነው?» ሳይሆን «ይህን ያለው ማን ነው?» መሆን አለበት።

አራቱ ሽቦዎች

የዛሬ ማራገቢያዎች አብዛኞቹ አራት ሽቦ አላቸው። አንዱ መሬት ነው፣ አንዱ 12 ቮልት ያመጣል። ሦስተኛው ማራገቢያው ስለ ፍጥነቱ የሚናገርበት ነው፤ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ሁለት ጊዜ ምልክት ይሰጣል። በደቂቃ 1200 ዙር የሚዞር ማራገቢያ በሴኮንድ 20 ዙር ዞረ ማለት ነው፤ ስለዚህ በሴኮንድ 40 ምልክት ይልካል። ቺፑ ምልክቶቹን ቆጥሮ ፍጥነቱን ያውቃል።

አራተኛው ትእዛዝ የሚሄድበት ነው። ፒደብሊውኤም ይባላል። በዚህ ሽቦ ላይ ምልክቱ በሴኮንድ 25,000 ጊዜ ያህል ይበራል፣ ይጠፋል። ከእያንዳንዱ ዑደት ግማሹን ጊዜ ቢበራ «50 በመቶ ሥራ» ማለት ነው፤ ሁሌ ቢበራ «በሙሉ ኃይልህ ዙር» ማለት ነው። ፍጥነቱ እንዲህ የበዛበት አንዱ ምክንያት የሰው ጆሮ እስከ 20,000 ገደማ ስለሚሰማ ነው፤ ከዚያ በታች ቢሆን ሞተሩ ሲያፏጭ ልንሰማው እንችል ነበር።

ባለ ሦስት ሽቦ ማራገቢያ አራተኛው የለውም። እሱን ለማዘግየት ያለው መንገድ ከ12 ቮልቱ መቀነስ ብቻ ነው። ስለዚህ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ መሰኪያው ለየትኛው ዓይነት እንደተዘጋጀ እዩ። ባለ ሦስት ሽቦ ማራገቢያ በፒደብሊውኤም አሠራር ላይ ከተሰካ ትእዛዙን አይሰማም፤ ሁሌም በሙሉ ፍጥነት ይጮኻል።

ድራይቨሩ ምን ይሠራል?

እያንዳንዱ ቺፕ የራሱ ቋንቋ አለው። ድራይቨር ማለት አስተርጓሚ ነው፤ ልጅ ሆነን ከወላጆቻችን ጋር ቢሮ እየሄድን እንደሠራነው ሥራ ማለት ነው። ሊኑክስ ከርነል ውስጥ እነዚህ አስተርጓሚዎች የሚሰባሰቡበት ክፍል ኤችደብሊውሞን ይባላል፤ ለብዙ ዓመታት ኃላፊነቱን ይዞ የሚሠራው ጉንተር ሮክ ነው። ለብዙ የኑቮቶን ቺፖች የሚያገለግለው ድራይቨር ኤንሲቲ6775፣ ለአይቲኢ ደግሞ አይቲ87 ይባላል።

ድራይቨሩ የቺፑን ንግግር ተርጉሞ ትንንሽ ፋይሎች አድርጎ ያቀርብላችኋል። ሙቀት በዲግሪ ሺኛ ይጻፋል፤ 45000 ካያችሁ 45 ዲግሪ ነው። ቮልቴጅ በሚሊቮልት፣ የማራገቢያ ፍጥነት በደቂቃ ዙር ነው። የማራገቢያው ትእዛዝ ከ0 እስከ 255 የሚደርስ ቁጥር ሲሆን 128 ግማሽ ገደማ ነው።

ከሁሉም ዋናው ግን አጠገቡ ያለው ፋይል ነው፤ ስሙ «ኢኔብል» በሚል ያበቃል። እሱ የሚናገረው ማራገቢያውን የሚያዘው ማን እንደሆነ ነው። በአጠቃላይ ደንቡ፣ 0 ከሆነ ማንም አይቆጣጠረውም፣ በሙሉ ፍጥነት ይዞራል። 1 ከሆነ የምታዙት እናንተ ናችሁ። 2ና ከዚያ በላይ ከሆነ ቺፑ ራሱ ሙቀቱን እያየ ያዛል።

እኔ ያን ማታ 1 ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ትእዛዙን ወደ 40 አወረድኩት። ማራገቢያው ቀስ ብሎ መዞሩን አየሁና ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ያላወቅኩት፣ 1 ከተጻፈ በኋላ ቺፑ ሙቀቱን መለካቱን አይተውም እንጂ በማራገቢያው ላይ ምንም አያደርግም። ሙቀቱ 60፣ 80፣ 95 ሲሆን 40 ያው 40 ነው። ያውም ያን ያህል ዝቅ ሲል ማራገቢያው ለመዞር የሚበቃ ኃይል አልነበረውምና ሌሊት ላይ ጭራሽ ቆመ። ፕሮሰሰሩ መጀመሪያ ራሱን ለማዳን ሥራውን አዘገየ፤ አልበቃ ሲለው ኮምፒዩተሩ ጠፋ። ያ መጥፋት ብልሽት አይደለም፣ የመጨረሻው መከላከያ ነው። ባይጠፋ ኖሮ ፕሮሰሰሩን ልከስር እችል ነበር።

ሁለት ሰው በአንድ ማኮሌት

ሌላም ወጥመድ አለ። አንዳንድ ማዘርቦርዶች ላይ ድራይቨሩ አልጫንም ይላል፤ ከርነሉም ከባዮሱ ጋር ግጭት አለ የሚል መልእክት ይጽፋል። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ አንዱ መጥቶ «ይህን ቃል ከርነሉ ሲነሳ ጨምርበት፣ ግጭቱን አያይም» ይላችኋል። ብዙ ጊዜ ይሠራል። ግን ምን እንደምታደርጉ እወቁ።

ከቺፑ ጋር የሚነጋገሩት በሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ «አምስተኛው መደርደሪያ» ይባላል፤ ከዚያ «አሁን ስጠኝ» ወይም «አሁን ይህን አስቀምጥ» ይባላል። ማኮሌት ሄዳችሁ ለባለሱቁ «አምስተኛው መደርደሪያ» አላችሁት እንበል። «ስጠኝ» ሳትሉ ሌላ ሰው ከኋላ «ስምንተኛው» ቢል፣ ባለሱቁ ለእናንተ ከስምንተኛው ያወጣላችኋል። ባዮሱ ያቀረበው ፕሮግራምና የሊኑክሱ ድራይቨር ሳይተዋወቁ አንዱን ቺፕ ሲያናግሩ የሚሆነው ይህ ነው። በማንበብ ላይ ከሆነ የተሳሳተ ቁጥር ታያላችሁ። በመጻፍ ላይ ከሆነ ግን ለማራገቢያ ያሰባችሁት ቁጥር ሌላ ቦታ ይገባል። ከርነሉ እምቢ ያለው ለዚህ ነው።

ትእዛዙን ስትወስዱ

ሊኑክስ ላይ «ፋንኮንትሮል» የሚባል ፕሮግራም አለ። እናንተ ስትተኙ እሱ ነቅቶ በየ10 ሴኮንዱ ሙቀቱን እያነበበ ማራገቢያውን ያዛል። የሚጠይቃችሁ ነገር ቀላል ነው፦ ከስንት ዲግሪ ጀምሮ ይፍጠን? በስንት ዲግሪ ሙሉ ፍጥነት ይድረስ? በስንት ቁጥር መዞር ይጀምራል? በስንትስ ይቆማል? የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አንድ አይደሉም። የቆመን ማራገቢያ ለማስነሳት የሚዞረውን ዝም ብሎ ከማስቀጠል የበለጠ ኃይል ያስፈልጋል፤ የቆመ መኪና እንደመግፋት ነው።

ሁለት ነገር ግን አትርሱ። አንደኛ፣ ከርነሉ ለቺፖቹ የሚሰጠው ተራ ቁጥር ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ሊለወጥ ይችላል፤ ትናንት 2 የነበረው ዛሬ 3 ሊሆን ይችላል። ፋንኮንትሮል ይህን ሲያይ አልሠራም ብሎ ያቆማል፤ በራሳችሁ የምትጽፉት ስክሪፕት ግን ካላሰባችሁበት የተሳሳተውን ማራገቢያ ያዛል። ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ በድንገት ቢሞት ማራገቢያው በመጨረሻው ቁጥር ላይ ይቀራል። ባዮስ ውስጥ የምታስተካክሉት መስመር ግን የሚሠራው ቺፑ ላይ ስለሆነ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ቢቆምም ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ ባዮሱ የምትፈልጉትን የሚፈቅድ ከሆነ እዚያው ጨርሱ።

ከየት ልጀምር?

መጀመሪያ ኮምፒዩተሩን አጥፍታችሁ፣ ከኤሌክትሪክ ነቅላችሁ አቧራውን አውጡ። እኔ ስከፍተው በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል ያለው አቧራ እንደ ጥጥ ነበር። ቀጥሎ ያለበትን ቦታ እዩ። ማራገቢያ የክፍሉን አየር ነው የሚጠቀመው፤ ከክፍሉ በታች ሊያቀዘቅዝ አይችልም። ማዝጋን የሌለበት ክፍል 33 ዲግሪ ከደረሰ፣ ያ 33 መነሻችሁ ነው። የእኔው ደግሞ በሩ የተዘጋ ቁምሳጥን ውስጥ ነበር።

ከዚያ ሳትጽፉ አንብቡ። ኮምፒዩተሩን አሳርፋችሁ፣ ከዚያ አሠርታችሁ የትኛው ቁጥር እንደሚንቀሳቀስ ተመልከቱ። የማይነቃነቀውን አትመኑ። ለውጥ ስታደርጉ አንድ በአንድ ይሁን፤ ከለወጣችሁ በኋላ ከባድ ሥራ ሰጥታችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከጎኑ ተቀመጡ። ረጅም ስሌት ካላችሁ ደግሞ በየሰዓቱ ሴቭ የሚያደርግ ይሁን። ይህን የምለው ዋጋውን ከፍዬ ነው።

ስለ ጩኸቱም መፍትሔው ማራገቢያውን ማፈን አይደለም። የማራገቢያ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ ወደ 15 ዴሲቤል ይወርዳል፤ አንድ ዓይነት ሁለተኛ ማራገቢያ መጨመር ግን 3 ዴሲቤል ያህል ብቻ ነው የሚጨምረው። ስለዚህ በቀስታ የሚዞሩ ሁለት ማራገቢያዎች በኃይል ከሚዞር አንድ ማራገቢያ ይሻላሉ።

እኔም እንዲሁ አደረግኩ። ኢኔብል የሚለውን ወደ ቺፑ ትእዛዝ መለስኩ፣ ከቁምሳጥኑ አወጣሁት፣ ሁለተኛ ማራገቢያ ጨመርኩ፣ መስመሩን ባዮስ ላይ አስተካከልኩ። ስሌቱን ከዜሮ ጀምሬ በአምስተኛው ቀን ጨረስኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አያቴ በሩ ላይ ቆመው ጆሮ ሰጥተው አዳመጡና፣ «ዳነልህ እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ። አዎ፣ ዳነ።