ቤት ሲለቀቅ መድኑ የት ይቀራል? ነዋሪነትና የሕዝብ የጤና መድን



የዛሬው ርእሴ ሲሰሙት ተራ ይመስላል። በመንግሥት የጤና መድን የሚታከም ሰው ቤት ሲቀይር መድኑ ምን ይሆናል? ጥያቄውን የመረጥሁት የሕግ ተማሪ የነዋሪነትን ትርጉም፣ የጤና ተማሪ ደግሞ የሕክምናን ቀጣይነት በአንድ ቦታ የሚያገኙበት ስለሆነ ነው። ዋና ምሳሌዬን የምወስደው በትምህርት ምክንያት ጥቂት ዓመታት ከኖርሁበት ከዋሽንግተን አካባቢ ነው፤ በመጨረሻ ወደ አገራችን የወረዳ መድን እመለሳለሁ። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

በዚያ ስኖር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተቀምጬ እንግሊዝኛ ለማያነቡ አባቶችና እናቶች ከየመሥሪያ ቤቱ የሚደርሳቸውን ደብዳቤ አነብላቸው ነበር። አንድ ቀን አንዲት የስኳር ሕመምተኛ እናት ባዶ የኢንሱሊን ካርቶን ይዘው መጡ። መድኃኒት ቤቱ «ካርድዎ አይሠራም» ብሎ መልሷቸዋል። ከሁለት ወር በፊት ዋሽንግተን ውስጥ የተከራዩትን ክፍል ለቀው ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ልጃቸው ቤት ገብተዋል። አካባቢውን ለማታውቁት ልግለጸው፤ ኢስተርን አቬኑ የሚባለው ጎዳና የከተማዋ ወሰን ነው። በወዲህኛው ጠርዝ ያለ ቤት በኮሎምቢያ ዲስትሪክት፣ በወዲያኛው ጠርዝ ያለው በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት ውስጥ ይቆጠራል። «እማማ፣ ለአዲሱ ክፍለ ግዛት አመልክተዋል?» ስላቸው በመገረም አዩኝና «ልጄ፣ መንገድ ተሻገርሁ እንጂ አገር መች ቀየርሁ?» አሉኝ።

ሕጉን ብንከተል ተሳስተዋል። ሜዲኬይድ የሚባለው የዝቅተኛ ገቢ ሰዎች መድን በ1965 ሲመሠረት ወጪውን የፌዴራሉ መንግሥትና ክፍለ ግዛቶች እንዲጋሩት፣ አስተዳደሩን ግን እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በራሱ እንዲይዘው ተደርጎ ነው። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዛወር ካርድ የለም፤ የቀድሞው ይዘጋል፣ አዲሱ በአዲስ ማመልከቻ ይከፈታል። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ሕግ የተወለደው ሜዲኬር ግን በዋናነት የአረጋውያን ሲሆን፣ መሠረታዊው ክፍሉ የፌዴራል በመሆኑ ባለመብቱ የትም ክፍለ ግዛት ቢሄድ አብሮት ይሄዳል። አንድ ሕግ ከወለዳቸው ሁለት ልጆች አንዱ ሰውን፣ ሌላው መሬትን ተከትሎ ያደገበት ምክንያት ከሕክምና ሳይሆን ከገንዘብ ምንጭ የመጣ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ታዲያ ሰው መቼ ነው የአዲሱ ቦታ ነዋሪ የሚሆነው? የቆየው አስተሳሰብ ድኻ ሰው ርዳታ ከመጠየቁ በፊት ቆይቶ «ነዋሪነቱን ያሳይ» የሚል ነበር። በ1969 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሻፒሮና ቶምሰን ጉዳይ የአንድ ዓመት ቆይታን ለድጎማ ቅድመ ሁኔታ ማድረግ ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ሲል ወሰነ። ለእኛ ርእስ የበለጠ የሚቀርበው ግን የ1974ቱ የሜሞሪያል ሆስፒታልና የማሪኮፓ ካውንቲ ክርክር ነው። አንድ የአስም ሕመምተኛ በጁን 1971 ከኒው ሜክሲኮ ወደ አሪዞናዋ ፊኒክስ ከተማ መጣ። በሚቀጥለው ወር ሕመሙ ጸንቶበት ለትርፍ ያልተቋቋመ የግል ሆስፒታል ገባ። ሆስፒታሉ ሰውየው ወደ ካውንቲው የሕዝብ ሆስፒታል እንዲዛወርና ወጪው እንዲተካ ቢጠይቅ፣ ካውንቲው «ዓመት አልሞላውም» ብሎ እምቢ አለ። ፍርድ ቤቱ ስምንት ለአንድ በሆነ ድምፅ ካውንቲውን ረታው። ፍሬ ነገሩ፣ አንድ ክፍለ ግዛት አዲስ መጤን የሕክምና መሠረታዊ ፍላጎቱን በመንፈግ የመዘዋወር መብቱን ሊቀጣው አይችልም የሚል ነው። የሕግ ተማሪዎች ውሳኔውን ሙሉውን ብታነቡት እወዳለሁ፤ የካውንቲው ክርክር ስለ በጀት የተነገረ በመሆኑ ዛሬ በየስብሰባው ከምንሰማው ብዙም አይርቅም።

ዛሬ የሚሠራው የፌዴራል ደንብ በዚሁ መንፈስ የተጻፈ ነው። ለመኖር አስቦ በክፍለ ግዛቱ የሚገኝ ዐዋቂ ሰው ከዚያች ቀን ጀምሮ ነዋሪ ነው። ቋሚ አድራሻ የለውም ተብሎ አይከለከልም፤ የተወሰነ ጊዜ አልቆየም ተብሎም አይመለስም። ሥራ ፍለጋ የመጣም እንደ ነዋሪ ይቆጠራል። በአንጻሩ ለመመለስ አስቦ ለጊዜው የራቀ ሰው የቀድሞ ነዋሪነቱን በመራቁ ብቻ አያጣም። መለኪያው የቆይታ ርዝመት ሳይሆን ሐሳብ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ሕጉ ይህን ያህል በሩን ከከፈተ፣ እኒያ እናት ለምን ያለ ኢንሱሊን ቀሩ? እዚህ ላይ ነው የዛሬው ንግግሬ ዋና ነገር ያለው። በሩ ክፍት ነው፤ ነገር ግን ፋይሉን ከአንዱ በር ወደ ሌላው የሚሸከም ማንም የለም። የቀድሞው መሥሪያ ቤት የዕድሳት ቅጹን ወደ ለቀቁት ክፍል ላከ፤ መልስ ሲያጣ መዝገቡን ዘጋ። አዲሱ መሥሪያ ቤት ደግሞ እሳቸው መኖራቸውን እንኳ አያውቅም። እያንዳንዱ በራሱ ደንብ ትክክል ነበር።

ይህ የአንዲት እናት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ፣ ከማርች 2020 ጀምሮ ክፍለ ግዛቶች ሰውን ከሜዲኬይድ እንዳያስወጡ ተገድበው ነበር። ገደቡ በማርች 2023 መጨረሻ ሲነሣ ሁሉም መዝገብ እንደ ገና ይመረመር ጀመር፤ ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰዎችም ከመድኑ ወጡ። ከእነዚህ ከ10 ሰባት የሚሆኑት የወጡት ገቢያቸው ከፍ ማለቱ ተረጋግጦ ሳይሆን በአሠራር ምክንያት ነው፤ ይኸውም ቅጹ ሳይሞላ ቀርቶ፣ ወይም ደብዳቤው ሳይደርስ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ስንት ሰው ቤት እንደ ቀየረ አስቡት።

እዚያ ዘመድ ላላችሁ አሠራሩን ባጭሩ ልናገር። በዚያው ክፍለ ግዛት ውስጥ ቤት የቀየረ ሰው መድኑ ይቀጥላል፤ አዲሱን አድራሻ ግን በጊዜው ማስታወቅ አለበት፤ በብዙ ቦታ የተሰጠው ጊዜ 10 ቀን ነው። ለፖስታ ቤት መናገር ለመድኑ መሥሪያ ቤት መናገር አይደለም። ወሰን የተሻገረ ሰው ደግሞ ለቀድሞው መልቀቁን ይነግራል፣ መድኑ የተዘጋበትን ደብዳቤም ይጠይቃል፤ የአዲሱ ቦታ ኮምፒውተር «ሌላ ቦታ ተመዝግበዋል» ሲል ክርክሩን የሚያሳጥረው ይህ ወረቀት ነው። ለአዲሱ የሚያመለክተው በደረሰበት ሳምንት እንጂ ዕቃው ተፈትቶ፣ ቤቱ ተደላድሎ ሲያልቅ አይደለም። ለውሳኔው የተሰጠው ጊዜ በመደበኛው 45 ቀን፣ በአካል ጉዳት ምክንያት ለሚያመለክት 90 ቀን ነው። ስለዚህ ከመነሣቱ በፊት መድኃኒቱን ማስሞላትና የሐኪም ማዘዣውን ቅጂ መያዝ አይከፋም።

ለእኒያ እናት ማመልከቻውን በዚያው ዕለት ሞላን፤ ተፈቀደላቸውም። ከማመልከቻው በፊት ለነበሩት ወራት የመጣባቸውን የሐኪም ቤት ዕዳ መድኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ሸፈነው። ይህ ወደ ኋላ የሚቆጠር ሽፋን እስከ ሦስት ወር የሚደርስ ሲሆን፣ በ2025 የወጣው ሕግ ከ2027 መጀመሪያ አንሥቶ ያሳጥረዋል። ዕዳው ተከፈለ እንጂ ያልተወጋው ኢንሱሊን ግን ወደ ኋላ አይወጋም። በመካከሉ ስኳራቸው ከፍ ብሎ ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኝተው ነበር፤ የዚያ ወጪ ከኢንሱሊኑ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። በጀት ለመቆጠብ ሲባል ወሰን ላይ የሚተው ክፍተት ለበጀቱም እንደማይበጅ ያመንሁት ያን ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድናችን በ2011 በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በያኔው የደቡብ ክልል በ13 ወረዳዎች ሙከራ ሲጀመር የገንዘብ ቋቱ ወረዳ፣ አባሉ ደግሞ ግለሰብ ሳይሆን መላው ቤተሰብ እንዲሆን ተደርጎ ነው። ይህ ጥበብ ነበር። የገጠር ሰው ገንዘቡን በሚያውቀው ሰው እጅ ማኖር ይመርጣል፤ እድራችንም የቆመው በዚሁ መተማመን ነው። ዳሩ ግን ያው መተማመን ለሚንቀሳቀስ ሰው ግድግዳ ይሆንበታል። በጥር ዓመታዊ መዋጮውን የከፈለ አባወራ በሚያዝያ ወደ ሌላ ወረዳ ቢነሣ፣ ገንዘቡ የገባው በቀድሞው ቋት፣ ውሉም ያለው ከቀድሞው ጤና ጣቢያ ጋር ነው። መክፈል የማይችሉትማ የባሰ ነው። መንግሥት መዋጮ የሚከፍልላቸውን ድኾች የሚመርጠው ማኅበረሰቡ ነው፤ አዲስ መጤዋን መበለት ግን በአዲሱ ቀበሌ ማን ያውቃታል? ድኽነቷ አብሯት ሲሄድ የድኽነቷ ምስክሮች ወደ ኋላ ይቀራሉ።

ቋቱን ከወረዳ ወደ ዞን፣ ወደ ክልልም ማስፋት ይገባል ከሚሉት ወገን ነኝ። ቋቱ ሲሰፋ ግን መዋጮውን በዐይኑ የሚጠብቀው ሰው ይርቃል፤ ይህን ፍርሃት እንደ ኋላ ቀርነት ከሚያዩት ጋር አልስማማም። እስከዚያው አንድ ትንሽ ነገር ላቅርብና ለውይይቱ ቦታ ልልቀቅ። ቀበሌ የሚለቅ ሰው መሸኛ ያወጣል፤ ስሙ፣ የቤተሰቡ ብዛት፣ የመጣበት ቦታ በማኅተም ይጻፍለታል። በዚያው ወረቀት ላይ መዋጮው እስከ መቼ እንደ ተከፈለ፣ መንግሥት የሚከፍልለት ከሆነም ይኸው ቢጻፍና ተቀባዩ ወረዳ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንዲያከብረው ቢገደድ፣ ሒሳቡን ሁለቱ ወረዳዎች በኋላ ሊተሳሰቡት ይችላሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው በመሸኛው ላይ ሁለት መስመርና ተቀባዩን የሚያስገድድ አንድ መመሪያ ነው። የመመሪያውን ረቂቅ የሕግ ተማሪዎች፣ የሒሳብ አወራረዱን የጤና ኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ብትሞክሩት ለማንበብ ዝግጁ ነኝ።

ጥያቄ ያላችሁ ከኋላ መደዳ እንጀምር።