ዱቡሻ፣ ተሰብስቦ የሚታሰብበት ሜዳ

ከአርባ ምንጭ ላይኛው ክፍል፣ ከሴቻ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ለሚያይ አባያና ጫሞ ሐይቆች ከነእግዜር ድልድያቸው ይታያሉ፤ የእንግዳ ዓይን እዚያው ይቀራል። በሥነ ልቦና ታሪክ ስሙ የገባው ግን በጀርባ ያለው ደጋ፣ የዶርዜ አገር ነው።

ፈረንሳዊው ዳን ስፐርበር ዶርዜ ተቀምጠው ካጠኑ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1974 መጽሐፍ አሳተሙ። ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ነው፣ ጾም አይሽርም ብለው ነግረዋቸዋል። ያው ዶርዜ ግን ረቡዕና ዓርብም ከብቱን ከነብር ይጠብቃል። ስፐርበር ይህን እንደ ሞኝነት አልቆጠሩትም። ሰው በሁለት መንገድ ያምናል አሉ። አንዱ በኑሮው ያገኘው፣ ሳያሰላስል የሚሠራበት እምነት ነው፤ ነብር ከብት ይበላል። ሌላው ከሚያከብረው ሰው የሰማው፣ እውነትነቱን ተቀብሎ ትርጉሙን ገና የሚያወጣ የሚያወርደው ነው። የፊዚክስ ቀመር ከመምህሩ ተቀብሎ የሚያጠና የፓሪስ ተማሪም ከዚህ አያመልጥም።

እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ከሁጎ መርሲየ ጋር ባሳተሙት መጽሐፍ ሌላ ጥያቄ አነሡ። ሰው ምክንያት የመደርደር ችሎታ ለምን ኖረው? ብቻውን ተቀምጦ እውነትን እንዲያገኝ አይደለም ይላሉ፤ ሌላውን እንዲያሳምንና የሌላውን ቃል እንዲመዝን ነው። የራሳችንን ምክንያት ሳንመረምር የምንቀበለው፣ የሌላውን ግን አበጥረን የምናየው ለዚህ ነው።

እንግሊዛዊው ፒተር ዌሰን እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጡት ፈተና ይህን ያሳያል። በእኛ ፊደል ላስቀምጠው። አራት ካርዶች አሉ፤ እያንዳንዱ በአንድ ፊቱ ፊደል፣ በሌላው ቁጥር አለው። የሚታዩት ሀ፣ ለ፣ 4 እና 7 ናቸው። «በአንድ ፊቱ ሀ ካለ፣ በሌላው 4 አለ» የሚለው ደንብ መጣስ አለመጣሱን ለማወቅ የትኞቹ ይገለበጡ? ብዙ ሰው ሀ እና 4 ይላል። ትክክሉ ሀ እና 7 ነው፤ ከ7 ጀርባ ሀ ከተገኘ ደንቡ ፈርሷልና። ብቻውን ሲፈተን የሚያገኘው ከዐሥር ሰው አንድ ገደማ ነው። በቡድን ተከራክረው ሲመልሱ ግን በሙከራዎቹ አብዛኞቹ ቡድኖች ትክክሉ ላይ ደርሰዋል።

ይህን ከዱቡሻ ጋር ያያያዝኩት እኔ ነኝ፤ ዝምድናው ግን ቅርብ ይመስለኛል። ዱቡሻ፣ ዶርዜን ጨምሮ፣ በየጋሞ ቀበሌው ለጉባኤ የተለየ ሜዳ ነው። ማርክ አቤሌስ የተባሉ ፈረንሳዊ አርባ ምንጭ አቅራቢያ በኦቾሎ ይህንኑ ጉባኤ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1983 መጽሐፍ አውጥተዋል። ጉባኤው በምርቃት ይከፈታል፣ በምርቃት ይዘጋል። አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። ድምፅ አይቆጠርም፤ እስኪስማሙ ይነጋገራሉ፣ ካልተስማሙ ቀጠሮ ይይዛሉ። ለችኩል ሰው አሰልቺ ነው። እኔ ግን ጥቅሙን የማየው በመዘግየቱ ውስጥ ነው፤ ደካማ ምክንያት የሚቃወመውን ሰው ሳያገኝ አያልፍም።

ክርክር የማይደርስበት ጊዜም አለ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አቅራቢያ በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች ሲገደሉ፣ አርባ ምንጭ ላይ ወጣቶች ለበቀል ወጡ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ለክርክር ጊዜ አልነበረም። ሣር የያዘን ሽማግሌ አልፎ መሄድ ጎሜ የሚባል ክልክል ነው፣ መዘዝ ያመጣል። ይህም እንደ ነብሩ ጾም ከአባቶች የተሰማ እምነት ነው። የነብሩ ጾም እረኛውን ከጥበቃው አላዘናጋውም፤ ጎሜ ግን የተቆጣ ሕዝብ አቁሟል። የስፐርበር ክፍፍል ለዚህ ልዩነት የሚበቃ አይመስለኝም።

ዱቡሻን ማክበር ጉድለቱን መሸፈን የለበትም። በቀድሞው ልማድ ሸክላ ሠሪዎቹ ማና፣ ቆዳ ፋቂዎቹ ደጋላና ሴቶች ከጉባኤው ውጭ ነበሩ። በደል መሆኑ ግልጽ ነው፤ የጉባኤውንም አስተሳሰብ ይጎዳል። ክርክር ስሕተትን የሚያወጣው ሌላው ያላየውን ያየ ሰው ሲኖር ነው። የሸክላ አፈር ስለሚቆፈርበት መሬት ሸክላ ሠሪዋ በሌለችበት ሲወሰን፣ የተቀመጡት ሁሉ ቢስማሙም፣ ስሕተቱን የሚያርም ሰው አልነበረም።