የእናቴ ሙዳይና የሳንቲም መጽሐፍ

እናቴ ደብረ ማርቆስ ከእኛ ጋር ትኖራለች። ባለፈው ፋሲካ የልጄ ልጅ ሙዳይዋን ከፍታ ሦስት ጠገራ ብርና አንድ የምኒልክ ብር አወጣች።

“አባባ፣ ይቺ ሴትዮ ማን ናት? 1780 ይላል እኮ!” አለችኝ።

ብዙ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ መልስ ግን አልነበረኝም። አብሮን የነበረው የእህቴ ልጅ ወዲያው ጣልቃ ገባ። “ከ240 ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው። ገዢ አለኝ፤ ይሸጥ!” አለ። እናቴ ዝም አለች።

እኔን ያሳፈረኝ ሌላም ነገር ነበር። ከዓመታት በፊት የምኒልኩን ብር “ላጽዳው” ብዬ በአመድና በሎሚ ፈትጌው ነበር። አብረቅርቋል፤ ነገር ግን የአንበሳው ጎፈር ጠፍቷል።

ለሥራ አዲስ አበባ ስሄድ አንድ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ስለ ሳንቲም የተጻፈ መጽሐፍ ጠየቅሁ። መጀመሪያ የቀረበልኝ መንሮ-ሃይና ዩል-የንሰን ያዘጋጁት፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመው የአክሱም ሳንቲሞች መጽሐፍ ነው። እንዲህ ባለ መጽሐፍ እያንዳንዱ ሳንቲም የራሱ ቁጥር አለው። የፊቱና የጀርባው ምስል፣ ማዕድኑ፣ ክብደቱና የተቀረጸበት ጽሑፍ ተዘርዝሯል። በእጅ ያለውን ሳንቲም መዝኖ፣ ጽሑፉን አንብቦ ማመሳከር ነው።

የእናቴን ብር እዚያ አላገኘሁም፤ ሆኖም መጽሐፉን ማስቀመጥ አቃተኝ። ከ1,700 ዓመት በፊት ንጉሥ እንዱቢስ በስሙ ወርቅና ብር አስቀርጿል። በወርቁ ሳንቲም ላይ የንጉሡን ምስል የእህል ዛላ አጅቦታል። የንጉሥ ኢዛና የቀድሞ ሳንቲሞች የጨረቃ ምልክት አላቸው፤ ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ ግን በቦታው መስቀል ገባ። አንድ አገር እምነቱን ሲለውጥ በጣት ጥፍር በምታክል ሳንቲም ላይ ይታያል።

የጠገራውን ነገር ያገኘሁት የዓለም ሳንቲሞች ከተዘረዘሩበት ሌላ መጽሐፍ ነው። ሴትዮዋ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ናት። የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ብሩ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲመታ ኖሯል። ቪየና ብቻ ሳይሆን ሮም፣ ለንደንና ቦምቤይም ተመትቷል። ስለዚህ 1780 ማለቱ ዕድሜውን አይናገርም። ትክክለኛው 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በጠርዙም ዙሪያ የላቲን ጽሑፍ አለው። ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ ወይም ክብደቱ ከጎደለ መጠርጠር ነው።

ቤት ስመለስ ከጎረቤት ወርቅ ሠሪ ዘንድ አስመዘንናቸው። ሦስቱም ትክክለኛ ናቸው። የእህቴ ልጅ ግን የዋጋ ግምቱን ከብሩ ክብደት ጋር አስተያይቶ ቅር አለው።

እናቴ ዝምታዋን የሰበረችው ያኔ ነው። “አንዱ ለእናቴ በጥሎሽ የመጣ ነው። ሁለቱን አባቴ ባሶ ገበያ በቅሎ ሽጦ ያመጣቸው ናቸው። የምኒልኩን ደግሞ አንተ ስትወለድ አያትህ ‘ለልጁ’ ብላ በእጄ ያስጨበጠችኝ ነው” አለች።

ያ የፈተግሁት ብር የራሴ ነበር ማለት ነው። ይህን የትኛውም መጽሐፍ አይነግረኝም ነበር።

አሁን የልጄ ልጅ ደብተር ይዛለች። በአንድ ገጽ አንድ ሳንቲም ትሥላለች፤ ክብደቱን፣ የተጻፈበትን፣ ከማን እንደመጣና በማን እጅ እንዳለፈ እናቴ እየነገረቻት ትጽፋለች። የመሸጡ ነገር ቀርቷል።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ሙዳይ ካለ፣ ሳንቲሙን አትፈትጉ፤ ጠርዙን ይዛችሁ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉት። በእርሻ ወይም በመሠረት ቁፋሮ ጥንታዊ ሳንቲም ከወጣ ደግሞ ለባህል ጽሕፈት ቤት አሳውቁ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ያዝዛል። ከሁሉ በፊት ግን ታሪኩን የሚያውቁት አዛውንት በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው።