መዝጋቢው የማን ሰው ነው?

ግንቦት 7 ቀን 1997 ሀገር ምድሩ ተሰልፎ ድምፁን ሲሰጥ የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ አቶ ከማል በድሪ ነበሩ። እኚሁ ሰው በዚያው ጊዜ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትም ነበሩ። ምርጫው በውዝግብ ተናጠ፤ አቤቱታው ጎረፈ፤ በ31 የምርጫ ክልሎች ነሐሴ ላይ እንደገና ድምፅ ተሰጠ። በምርጫ ቦርድ ውሳኔ የተከፋ ወገን ከዚያ በኋላ የሚቀረው በር ፍርድ ቤት ነው። የፍርድ ቤቱን ደረጃ እስከ ላይ ወጥቶ ለጨረሰ ግን ጫፉ ላይ የተቀመጡት እኚያው የቦርዱ ሰብሳቢ ነበሩ።

ስለ ሰውዬው ሐቀኝነት የማነሳው ነገር የለኝም። ሁለቱን ወንበር ባንድ ጊዜ መያዝ በወቅቱ አልተከለከለም። እኔን የሚያሳስበኝ ወንበሮቹ ራሳቸው ናቸው።

ቡራዩ ውስጥ ሥነ ዜጋ አስተምራለሁ። የጥቅም ግጭት ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ ተማሪዎቼ ቶሎ የሚመልሱልኝ «ጉቦ» ብለው ነው። አይደለም። ጉቦ የበላ ሰው ጥፋቱን ፈጽሟል። የጥቅም ግጭት ግን ማንም ምንም ከማጥፋቱ በፊት ያለ ነገር ነው። ወንድሙ የተከሰሰበት መዝገብ የቀረበለት ዳኛ ከችሎቱ ይነሳል፤ ሲነሳ ሌባ ነው ያለው የለም። የተነሳው ሕሊናው ተጠርጥሮ ሳይሆን የተከራካሪዎቹ ልብ እንዲያርፍ ነው። ምርጫም ላይ ነገሩ ይኸው ነው። ድምፅ የሚቆጥረው ሰው ከድምፁ ውጤት የሚያገኘው ወይም የሚያጣው እንጀራ ካለ፣ ቅን ሆኖ ቢቆጥር እንኳ ተሸናፊው አያምነውም።

እላይ ብዙ ነገር ተስተካክሏል፤ ይህን አለመናገር ግፍ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 102 ቦርዱ ከማንኛውም ተጽዕኖ ነፃ እንዲሆን ያዛል፤ አባላቱን የሚሾመው ግን በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ይህ ማለት አንዱ ተወዳዳሪ ፓርቲ ዳኛውን ያቀርባል፣ አብላጫ ወንበር የያዘበት ምክር ቤትም ያጸድቃል ማለት ነው። አዋጅ ቁጥር 1133/2011 ይህን ገመድ ለማርገብ ሞክሯል። የቦርዱን አባላት ከዘጠኝ ወደ አምስት አወረደ፤ የፓርቲ አባል እንዳይሆኑ ከለከለ፤ ሥራውን የሙሉ ጊዜ አደረገው። ዕጩዎቹንም ከሃይማኖት ተቋማት፣ ከሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን፣ ከሳይንስ አካዳሚ፣ ከሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንና ከመሳሰሉት የተውጣጣ ኮሚቴ እንዲመለምል አዘዘ። ከዚያ በፊት ኅዳር 13 ቀን 2011 ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ሰብሳቢ ሆነው ሲሾሙ፣ ዳኛ የነበሩ፣ ቀጥሎ የተቃዋሚ ፓርቲ መሪ ሆነው የታሰሩ ሰው መምጣታቸው ብዙዎቻችንን አስደስቶን ነበር። እኔንም አስደስቶኛል። ሆኖም የአንድ ሰው ታሪክ ሰውዬው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። እርሳቸውም በ2015 ሥራውን ለቀዋል። የሚቀረው ሕጉ ነው።

ወንበሮቹ መለያየታቸው ምን እንደሚጠቅም በ2013 አየነው። ቦርዱ እስር ቤት የነበሩትን የተቃዋሚው ባልደራስ ፓርቲ ዕጩዎች፣ አቶ እስክንድር ነጋንና ጓዶቻቸውን፣ አልመዘግብም አለ። ፓርቲው ተከራክሮ እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ደረሰ፤ ችሎቱም ይመዝገቡ ብሎ ወሰነ፤ ቦርዱም በመጨረሻ መዘገባቸው። በ1997ቱ አሠራር ቢሆን ኖሮ ቦርዱን ያዘዘው ፍርድ ቤትና የታዘዘው ቦርድ በአንድ ሰው ሥር ይሆኑ ነበር።

መራጩ ግን ቦርዱን የሚያውቀው በጋዜጣ ነው። በዓይኑ የሚያየው በምርጫ ጣቢያው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን ሰው ነው።

የቡራዩን ጎረቤት ሰበታን እናንሳ። በፋብሪካ ሥራ የመጣ፣ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ወጣት ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ስድስት ወር መኖሩን ማሳየት አለበት። በቀላሉ የሚያሳየው በቀበሌ መታወቂያ ነው፤ ከሌለው ሌላ ማስረጃ ወይም የሰው ምስክር ፍለጋ ይሄዳል። ሱሉልታ ዳርቻ ያለው ገበሬ የማዳበሪያ ዝርዝር ውስጥ ስሙ እንዲገባ የሚለማመጠው የአካባቢውን ሹም ነው። እኛ ዘንድ ቡራዩ ደግሞ የብዙ ሰው ሐሳብ ቤቱ ነው፤ ካርታ ያለው አለ፣ የሌለው አለ። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ወደ ሸገር ከተማ ከተጠቃለሉ ወዲህ ሕገወጥ ናቸው ተብለው ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል፤ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ጉዳዩን መርምሮ አሳስቦበታል። እንዲህ ባለ ቦታ የቀበሌው ሠራተኛ፣ የጎጡ ተጠሪ ወይም የእነርሱ የቅርብ ሰው የምርጫ መዝገቡን ይዞ ቢቀመጥ ማስፈራራት አያስፈልገውም። ዝም ብሎ መቀመጡ ብቻ ይበቃል።

አንዲት የጎረቤቴ እናት፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ የነገሩኝ አይረሳኝም። «መምህርት፣ መታወቂያዬን የፈረመልኝ እሱ፣ የዘይት ወረፋ የሚይዝልኝ እሱ። እንግዲህ ካርዱንም የሚሰጠኝ እሱ ከሆነ፣ ምን እንደመረጥኩ አያውቅም ብለሽ ነው?» ድምፅ በምስጢር እንደሚሰጥ፣ መጋረጃ እንዳለ ነገርኳቸው። አላመኑኝም። ከእርሳቸው ይልቅ ያደረጃጀቱ ጥፋት ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ከምርጫ አስፈጻሚዎች አንዷ ሆኜ ሠርቻለሁ። ከዚያ በፊት ሥልጠና ነበር። ገለልተኝነት ምን እንደሆነ ሲገለጽልን አንድ መምህር ከመሃል ብድግ አለና «እኔ የፓርቲ አባል ነኝ፤ ይቅርብኝ» ብሎ ወጣ። አበሉንም ትቶ ነው የወጣው። ከሱ ወዲያ የፓርቲ አባል መሆናቸውን ሁላችን የምናውቃቸው ሰዎች ግን አንገታቸውን ደፍተው ቀሩ። ክፉዎች አልነበሩም። የቤት ኪራይ አለባቸው፣ አበሉ ያስፈልጋቸዋል፤ ብድግ ብለው ቢወጡም አለቃቸው ምን ይለኛል የሚል ይሉኝታ አለ። በሀገራችን ያበላውን የከዳ ሰው የበላበትን ወጪት ሰባሪ ይባላል፤ ይህን ስም የሚፈልግ የለም። ሕግ ሰውን ከዚህ ዓይነት ጭንቀት ቀድሞ ማውጣት አለበት። ያ መምህር ያደረገውን ለማድረግ የእሱን ድፍረት መጠየቅ የለበትም።

እውነቱን ለመናገር ቦርዱ በዚያ ዓመት የመለመላቸውን አስፈጻሚዎች ስም ለፓርቲዎች ልኮ አስተያየት እንዲሰጡበት አድርጓል። ጥሩ ጅምር ነው። ነገር ግን በኦሮሚያ ተቃዋሚዎቹ ኦነግና ኦፌኮ አባሎቻችን ታስረዋል፣ ጽሕፈት ቤቶቻችን ተዘግተዋል ብለው ከምርጫው በመውጣታቸው በብዙ የምርጫ ክልሎች ገዢው ፓርቲ ያለ ጠንካራ ተፎካካሪ ቀረበ። ተፎካካሪ ከሌለ ስሙን አይቶ «ይህ ሰው አይሆንም» የሚል የለም። ጠረጴዛው አጠገብ የሚቀመጥ የተቃዋሚ ወኪልም የለም። ያን ጊዜ ሸክሙ ሁሉ በየጣቢያው ባሉት አምስት አስፈጻሚዎች ሕሊና ላይ ይወድቃል።

ይህ የድሃ ሀገር ችግር ብቻ እንዳይመስለን። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 ፕሬዚዳንቱን የወሰነችው ፍሎሪዳ ነበረች፤ ልዩነቱ 537 ድምፅ። የግዛቷን ምርጫ በበላይነት ትመራ የነበረችው ካትሪን ሃሪስ በዚያው ጊዜ በፍሎሪዳ የጆርጅ ቡሽ የምርጫ ዘመቻ ተባባሪ ሰብሳቢ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የጆርጂያው ብራያን ኬምፕ የግዛቱን ምርጫ የሚያስፈጽመውን መሥሪያ ቤት እየመራ ራሱ ለገዢነት ተወዳደረ፤ ከሥልጣኑ የለቀቀው ድምፅ ከተሰጠ በኋላ ነው። ጥንታዊ ዴሞክራሲ ያለው ሀገር ይህን ቀዳዳ አልደፈነውም። እኛ አዲስ እየሠራን ስለሆነ ከመጀመሪያው ልንደፍነው እንችላለን።

መድፈኛው ውድ አይደለም። የሰበታ መምህር ሱሉልታ ሄዶ ያስፈጽም፤ የሱሉልታው ቡራዩ ይምጣ። መንገዱ ሩቅ አይደለም፣ የትራንስፖርት ወጪውም የሚቻል ነው። እንዲህ ሲሆን መታወቂያ የፈረመ ሰው ካርድ አይሰጥም። አስፈጻሚ ሆኖ የሚመለመል ሁሉ የት እንደሚሠራ፣ የየትኛው ፓርቲ አባል እንደነበረ፣ ከዕጩዎቹ ጋር ዝምድና ወይም ንግድ እንዳለው በፊርማው ያሳውቅ። በሐሰት ከፈረመ ይጠየቅ። የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ 668/2002 ለሹማምንት ተመሳሳይ ግዴታ ጥሏል፤ ለአንድ ቀንም ቢሆን የሕዝብን ድምፅ በእጁ የሚይዝ ሰው ከዚህ ሊያንስ አይገባም። ስሙ ለፓርቲዎች ብቻ መላኩም አይበቃም። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ ምርጫ ጣቢያው በር ላይ ይለጠፍ፤ ነዋሪውም ለመቃወም ቀን ይሰጠው። ሰፈሩን ከሰፈሩ ሰው በላይ የሚያውቀው ማን አለ?

ከሁሉ በላይ ጉዳዩ የሚያስቸኩለኝ በአካባቢ ምርጫ ምክንያት ነው። የመጨረሻው የተካሄደው ሚያዝያ 2005 ነው፤ በ2010 ሊካሄድ የነበረው ተራዘመ። ሸገር ከተማ በዚያ ጊዜ አልነበረም። በጠቅላላ ምርጫ የቀበሌው ሹም ለሌላ ሰው ሲሠራ ነው የሚጠረጠረው፤ በአካባቢ ምርጫ ግን ዕጩው እሱ ራሱ ነው። መታወቂያውን የፈረመው፣ ዝርዝሩን የያዘው፣ ቤቱ ይፍረስ አይፍረስ ሲባል አስተያየት የሚጠየቀው ሰው ስም በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ይወጣል። ያ ምርጫ ቀኑ ከመቆረጡ በፊት ቦርዱ በሦስቱ ከተሞች ማን አስፈጻሚ መሆን እንደማይችል በግልጽ መመሪያ ማውጣት አለበት፤ የቀበሌና የወረዳ ተቀጣሪዎችም ከዚያ ዝርዝር መጀመሪያ ላይ መጻፍ አለባቸው።