አምስት ቆርኪ ስጠኝ በሉት

«ልጄ እስከ መቶ ይቆጥራል» የሚሉኝ ወላጆች ብዙ ናቸው። ደስ ይላል። ግን እስቲ አንድ ነገር ሞክሩልኝ፦ ቆርኪ ወይም ባቄላ ፊቱ ዘርግፉና «አምስት ስጠኝ» በሉት። የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ ብዙ ጊዜ እፍኙን ሙሉ ዘግኖ ይሰጣችኋል። «ቁጠረው» ስትሉት አንድ፣ ሁለት እያለ ዘጠኝ ይደርሳል። «ታዲያ ስንት ሆነ?» ስትሉት ደግሞ እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

ይህ ስንፍና አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ካረን ዊን በ1990 እና በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተሟቸው ጥናቶች በዚሁ የ«ስጠኝ» ጨዋታ ልጆችን ፈትነዋል። ልጆች መጀመሪያ የአንድን፣ ቀጥሎ የሁለትን፣ ከዚያ የሦስትን መጠን በየተራ ነው የሚይዙት፤ በመካከሉ ወራት ያልፋሉ። የቁጥሩን ስም በዜማ መሸምደድና መጠኑን ማወቅ ለየቅል ናቸው።

ውድ መጫወቻ አትግዙ። 30 እንቁላል የሚይዘውን ካርቶን አንሡ፤ ባንድ በኩል 5፣ በሌላው 6 ጎድጓዳ አለው። አምስት አምስት ያላቸውን ሁለት ረድፎች አንድ ላይ ቁረጡ፣ የአሥር ሰሌዳ ሆነላችሁ። ካንድ ካርቶን ሦስት ይወጣል። ቆርኪ ከሰፈር ሱቅ በነፃ ታገኛላችሁ፤ ጠርዙን በመዶሻ ጠፍጠፍ አድርጉት። (ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ቆርኪም ባቄላም አትስጡ። ሽምብራ አፍንጫው ውስጥ የከተተ ልጅ ይዞ ሐኪም ቤት የሮጠ ወላጅ ያውቀዋል።)

አሁን ሰባት ቆርኪ ደርድሩ፦ ላይኛው ረድፍ ሙሉ፣ ታች ሁለት። ዐይናችን ሳይቆጥር ባንዴ የሚለየው እስከ ሦስት ወይም አራት ያህል ነው፤ የተበታተነ ሰባት አዋቂንም ያስቆጥራል። በሰሌዳው ላይ ግን አምስትና ሁለት ሆኖ ይታያል። «አሥር ለመሙላት ስንት ጎደለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሦስቱ ባዶ ጎድጓዳዎች መልሱን ይዘው ተቀምጠዋል። ትንሽ ሲቆይ ባንዱ ሰሌዳ ስምንት፣ በሌላው አምስት አድርጉለት። አንዲት ተማሪዬ ማንም ሳይነግራት ሁለት ቆርኪ አንሥታ ወደ ስምንቱ ወሰደችና «ሞላ! እዚህ ሦስት ቀረ» አለች። አሥራ ሦስትን ያገኘችው በጣቷ አንድ በአንድ ቆጥራ አይደለም።

ገበጣችንም የዋዛ አይደለም፤ ባንድ ጉድጓድ አንድ ጠጠር እየጣለ የሚዞር ልጅ ሳያውቀው አንድን ለአንድ ማዛመድ ይለማመዳል።

ሁለት ነገር ግን ያበላሻል። አንደኛው ጌጥ ነው፦ በመኪናና በእንስሳ ቅርጽ የተሠራ መቁጠሪያ ስትሰጡት ልጁ መኪናውን ይነዳል እንጂ አይቆጥርም። ሁለተኛው የእኛው ችኮላ ነው። ቆርኪውን ራሱ ያንሣ፣ እጃችሁን ሰብስቡ። ሲለምደው ክብ እየሣለ ይሥራው፤ የቁጥሩ ምልክት ከዚያ ይምጣ። እኛ ኬጂ ውስጥ የምናደርገው የተገላቢጦሽ ነው፤ ምልክቱን ገጽ ሙሉ እናስገለብጣለን።

የኬጂ መምህራን ባልደረቦቼ፣ «ከ1 እስከ 100 ጽፋችሁ ኑ» የሚለውን የቤት ሥራ ለአንድ ወር ብንተወው ምን ይጎድልብናል? በምትኩ «ከቤት ስምንት ነገር ቆጥራችሁ ይዛችሁ ኑ» በሏቸው፤ ያያችሁትንም እዚህ ጻፉልኝ።