ኮዱን ማወቅ ፈቃድ ማግኘት አይደለም፦ የኮምፒዩተር ወንጀሎችና ቅጣታቸው

«የኮምፒዩተር ወንጀል» ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የባንክ ሒሳብ የሚሰብር ሰው ነው። ሕጉ የሚያየው ግን ከዚያ በጣም የሰፋ ነው። ከሥራ ከወጣ በኋላ የድሮ መሥሪያ ቤቱን ኢሜይል የሚከፍት ሠራተኛ፣ የሚስቱን ዋትስአፕ በድብቅ የሚያነብ ባል፣ በክፍል ጓደኛዋ ኢንስታግራም ገብታ በስሟ የምትጽፍ ተማሪ፣ «የባንክ ሒሳብህን ለጥቂት ቀን አውሰኝ» ሲባል እሺ የሚል ወጣት፣ ሁሉም ፖሊስ ጣቢያ ሊጠሩ ይችላሉ። እነዚህ ሰዎች ራሳቸውን እንደ ወንጀለኛ ላያዩ ይችላሉ። ሕጉ ግን «አላወቅሁም ነበር» የሚለውን መልስ በቀላሉ አይቀበልም። ስለዚህ በእስራኤል ሕግ ምን እንደተከለከለ፣ ቅጣቱ እስከ ምን እንደሚደርስና ራስን እንዴት መጠበቅ እንደሚቻል ከዚህ በታች በዝርዝር እናቀርባለን።

ሕጉ ምን ይላል?

ዋናው ሕግ በ1995 የወጣው የኮምፒዩተር ሕግ (ሖቅ ሃማሕሸቪም) ነው። ስሙ ኮምፒዩተር ቢልም በሶፍትዌር እየሠራ መረጃ የሚያቀናብር መሣሪያን ሁሉ ይመለከታል። በእጃችን የያዝነው ዘመናዊ ስልክም በሕጉ ፊት ኮምፒዩተር ነው። ዋና ዋናዎቹ ክልከላዎችና ከፍተኛ ቅጣቶቻቸው እነዚህ ናቸው፦

• ማሰናከልና መሰረዝ (አንቀጽ 2)፦ የኮምፒዩተርን ሥራ ያለ ሕጋዊ መብት ማወክ፣ በውስጡ ያለውን መረጃ መሰረዝ ወይም መለወጥ። እስከ 3 ዓመት እስራት።

• የሐሰት መረጃ (አንቀጽ 3)፦ ሰውን ሊያሳስት የሚችል የሐሰት መረጃ ወደ ኮምፒዩተር ማስገባት ወይም ውጤቱ ሐሰት እንዲሆን መረጃውን መነካካት። ለምሳሌ ያልተሠራ የሥራ ሰዓት በሲስተሙ ላይ እንደተሠራ አድርጎ መመዝገብ እዚህ ሊወድቅ ይችላል። እስከ 5 ዓመት እስራት።

• ያለ ፈቃድ መግባት (አንቀጽ 4)፦ በሌላ ሰው ኮምፒዩተር፣ ስልክ ወይም አካውንት ውስጥ ወዳለ መረጃ ያለ ሕጋዊ መብት መግባት። ምንም ነገር ባይወሰድ እንኳ መግባቱ ብቻ ወንጀል ነው። እስከ 3 ዓመት እስራት።

• ሌላ ወንጀል ለመሥራት መግባት (አንቀጽ 5)፦ ለምሳሌ ገንዘብ ለመውሰድ ወይም ለማስፈራራት ብሎ መግባት። እስከ 5 ዓመት እስራት።

• ቫይረስና የስለላ ፕሮግራም (አንቀጽ 6)፦ ጉዳት ለማድረስ ወይም ያለ ፈቃድ ለመግባት የሚያገለግል ፕሮግራም ማዘጋጀት እስከ 3 ዓመት፣ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ወይም በሰው መሣሪያ ላይ መጫን ደግሞ እስከ 5 ዓመት ያስቀጣል።

በ3 እና በ5 ዓመት መካከል ያለው ልዩነት የቁጥር ብቻ አይደለም። በእስራኤል የወንጀል ሕግ ከ3 ዓመት በላይ የሚያስቀጣ ጥፋት «ፔሻዕ» ይባላል፤ ይህም ከባድ ወንጀል ማለት ነው። እስከ 3 ዓመት የሚያስቀጣው ግን «አቮን» ነው። የአቮን ክስ ብዙውን ጊዜ በ5 ዓመት በይርጋ ሲታገድ፣ የፔሻዕ ግን እስከ 10 ዓመት ሊቀርብ ይችላል።

እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ከፍተኛ ጣሪያዎች ናቸው። ዳኛው የደረሰውን ጉዳት፣ የተከሳሹን ዕድሜና የቀድሞ ታሪክ አይቶ የገደብ እስራት፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት፣ የገንዘብ ቅጣት ወይም ካሣ ሊወስን ይችላል። መሰረዝና ማሰናከል የፍትሐ ብሔር ጥፋትም ስለሆነ፣ ተጎጂው ከወንጀሉ ክስ ውጭ ለብቻው ካሣ መጠየቅ ይችላል።

ዋናው ጥያቄ፦ ባለቤቱ ፈቅዷል ወይ?

ብዙ ሰው «እኔ ምንም አልሰበርኩም፤ ኮዱን አውቀው ነበር» ይላል። ይህ መከላከያ አይሆንም። በ2015 መጨረሻ የበላይ ፍርድ ቤት በሰጠው ውሳኔ፣ ወደ ኮምፒዩተር መረጃ ያለ ፈቃድ ገባ ለማለት የቴክኒክ አጥር መስበር እንደማያስፈልግ ግልጽ አድርጓል። ትክክለኛውን የይለፍ ቃል (ሲስማ) ተጠቅሞ የገባ ሰውም የባለቤቱ ፈቃድ ከሌለው ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል። የጎረቤትን ቁልፍ የት እንደሚቀመጥ ማወቅ ቤቱን ከፍቶ ለመግባት መብት እንደማይሰጥ ሁሉ፣ የሰውን ኮድ ማወቅም ስልኩን ለመክፈት መብት አይሰጥም።

ይህ ነገር በማኅበረሰባችን ውስጥ በብዙ ቤት ይገባል። ዕብራይስጥ ማንበብ የሚቸግራቸው አባቶችና እናቶች የቢቱዋሕ ሌኡሚን፣ የኩፓት ሖሊምንና የባንክ ኮዳቸውን ለልጅ፣ ለዘመድ ወይም ለጎረቤት ይሰጣሉ። እርዳታው ራሱ ጥፋት አይደለም፤ ባለቤቱ ፈቅዷልና። ነገር ግን ፈቃዱ የተሰጠው ለአንድ ጉዳይ ነው። ቀጠሮ እንዲያስይዝ ኮድ የተሰጠው ሰው በሌላ ቀን ገብቶ ደብዳቤ ቢያነብ ወይም ገንዘብ ቢያዘዋውር፣ «ኮዱን እርስዎ ነበሩ የሰጡኝ» ማለቱ ላያድነው ይችላል።

ስለዚህ ለአረጋውያን የምንመክረው ረጂውን አጠገብ አስቀምጦ አብሮ ማሠራት፣ ሥራው ሲያልቅ ኮዱን መቀየር፣ የካርዱን ሚስጥር ቁጥር በካርዱ ላይ አለመጻፍ ነው። የዘወትር እርዳታ የሚያስፈልግ ከሆነ በባንክ ወይም በጠበቃ በኩል ሕጋዊ ውክልና (ይፑይ ኮአሕ) መስጠት ለሁለቱም ወገን ይሻላል። ረጂውም ከጥርጣሬ ይድናል።

በሥራ ቦታ

ሥራ ሲያበቃ የሥራው ኮድም ፈቃዱ አብሮ ያበቃል። አሠሪው ኮዱን መዝጋት ቢረሳ እንኳ መግባት አይፈቀድም። ተባርሮ የተናደደ ሠራተኛ የደንበኞችን ዝርዝር ቢሰርዝ በአንቀጽ 2 ሊከሰስና ካሣም ሊጠየቅ ይችላል። ደመወዝ ቢቀርብዎት ወይም ያለ አግባብ ቢሰናበቱ መንገዱ የሥራ ጉዳይ ፍርድ ቤት እንጂ የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር አይደለም። እንዲያውም ፋይል የሰረዘ ሠራተኛ ጥሩ የነበረ አቤቱታውን በገዛ እጁ ያበላሻል።

ሁለተኛው አደጋ ጉጉት ነው። በክሊኒክ፣ በባንክ፣ በማዘጋጃ ቤት ወይም በማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ የሚሠራ ሰው የብዙ ሰው ፋይል በፊቱ አለ። ፋይሉን የሚከፍተው ግን ለሥራው ነው። የጎረቤትን፣ የአማትን ወይም የልጅ እጮኛን ፋይል ለማወቅ ያህል መክፈት በኮምፒዩተር ሕግም፣ በ1981 በወጣው የግላዊነት ጥበቃ ሕግም ሊያስጠይቅ ይችላል። የሰውን ግላዊነት ሆን ብሎ መጣስ እስከ 5 ዓመት እስራት ያስቀጣል።

ጉዳዩ ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል ለማየት የሕዝብ መዝገብን ስርቆት ማስታወስ ይበቃል። በ2006 በማኅበራዊ ደህንነት ሚኒስቴር ይሠራ የነበረ የኮንትራት ሠራተኛ የሕዝብ ምዝገባውን መረጃ ገልብጦ ወሰደ። መረጃው ከእጅ ወደ እጅ አልፎ በመጨረሻ በኢንተርኔት ተበተነ። በ2011 ተጠርጣሪዎች መያዛቸው ሲገለጽ የተሰረቀው የ9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ እንደሆነ ታወቀ። ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ አድራሻና የቤተሰብ ግንኙነት ሁሉ በውስጡ ነበር። አንዴ የተበተነ መረጃ ደግሞ አይሰበሰብም።

አሠሪም ቢሆን ወሰን አለው። የአገር አቀፉ የሥራ ፍርድ ቤት በ2011 በሰጠው ውሳኔ፣ አሠሪ የሠራተኛን የግል ደብዳቤ እንደፈለገ ማንበብ አይችልም ብሏል። አሠሪው ስለ ክትትሉ ግልጽ መመሪያ አውጥቶ ለሠራተኞች ማሳወቅ አለበት፤ የግል ይዘት ያለውን ለማንበብ ደግሞ የሠራተኛው ነፃ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የሠራተኛው የራሱ የሆነውን እንደ ጂሜይል ያለ ሣጥን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መክፈት አይፈቀድም።

ስለ መቅዳትም ብዙ ጥያቄ ይነሳል። እርስዎ ራስዎ የሚነጋገሩበትን ውይይት፣ ለምሳሌ ከአለቃዎ ጋር ያደረጉትን ንግግር፣ መቅዳት በመሠረቱ ሕገወጥ የስውር መጥለፍ አይደለም። እርስዎ በሌሉበት ሌሎች ሲነጋገሩ እንዲቀዳ ስልክዎን ደብቀው ጥለው መሄድ ግን እስከ 5 ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው።

በቤት ውስጥ

ጋብቻ የስልክ ፈቃድ አይደለም። ባል የሚስቱን፣ ሚስትም የባሏን ስልክ ያለ ፈቃድ ከፍታ ብታነብ አንቀጽ 4 ይመለከታቸዋል። የስለላ ፕሮግራም መጫን ደግሞ ከዚያ ይከብዳል፤ አንቀጽ 6ና የስውር መጥለፍ ሕጉ አብረው ሊመጡ ይችላሉ። በፍቺ ክርክር ላይ «ማስረጃ ላግኝ» ብሎ ስልክ የሚጠልፍ ሰው ማስረጃውን ሳይጠቀምበት ራሱ ተከሳሽ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ዓይነት ፕሮግራም ንግድ ምን እንደሚያስከትል በ2005 «የትሮይ ፈረስ» ተብሎ በታወቀው ጉዳይ ታይቷል። አንድ ባልና ሚስት የሠሩት የስለላ ፕሮግራም በግል መርማሪዎች በኩል ትልልቅ ድርጅቶች ተፎካካሪዎቻቸውን እንዲሰልሉ አገልግሎ ነበር። ጥንዶቹ ከእንግሊዝ ተላልፈው ተሰጥተው በ2006 ሚስትየዋ 4 ዓመት፣ ባልየው 2 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው።

የሰውን ወሲባዊ ምስል ወይም ቪዲዮ ያለ ፈቃዱ ማሰራጨትም በ2014 በጾታዊ ትንኮሳ መከላከያ ሕግ ውስጥ ገብቷል። ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት እስራት ነው። ሌላ ሰው የላከልንን «ፎርዋርድ» ማድረግም ማሰራጨት ነው።

ወጣቶችና ቀላል ገንዘብ

በእስራኤል የወንጀል ተጠያቂነት የሚጀምረው በ12 ዓመት ነው። በትምህርት ቤት «ቀልድ» የሚባለው በሰው አካውንት ገብቶ መጻፍ ለ13 ዓመት ልጅ የፖሊስ መዝገብ ሊያስከፍት ይችላል። ወላጆች ይህን ለልጆቻቸው በግልጽ መንገር አለባቸው።

ለታላላቆቹ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። «ከቤት ሆነህ ሥራ፤ ገንዘብ በሒሳብህ ይገባል፣ ድርሻህን አስቀርተህ ቀሪውን አስተላልፍ» የሚል ማስታወቂያ የሥራ ማስታወቂያ አይደለም። የሚገባው ገንዘብ ከተጭበረበሩ ሰዎች የተወሰደ ሊሆን ይችላል። ምንጩን ለመደበቅ ገንዘብ ያዘዋወረ ሰው በ2000 በወጣው የገንዘብ ማጠብ ክልከላ ሕግ እስከ 10 ዓመት እስራት ሊቀጣ ይችላል። አጭበርባሪው በውጭ አገር ተሰውሮ ይቀራል፤ ፖሊስ በመጀመሪያ የሚያገኘው የሒሳቡን ባለቤት ነው። እውነተኛ አሠሪ የሠራተኛውን ሒሳብ ደመወዝ ለመክፈል ብቻ ነው የሚፈልገው።

ተጎጂ ከሆኑ

1. በመጀመሪያ ለባንክዎ ወይም ለክሬዲት ካርድ ድርጅቱ ደውለው ካርዱን ያሳግዱ። ካሳወቁ በኋላ ለሚፈጸም የማጭበርበር ክፍያ በመሠረቱ ተጠያቂ አይሆኑም። ካርዱንና ኮዱን ለሰው ሰጥተው ከሆነ ግን ከለላው ይጠባል።

2. ምንም ነገር አይሰርዙ። መልእክቱን፣ የደወለውን ቁጥርና የክፍያ ዝርዝሩን ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ።

3. የይለፍ ቃሎችዎን ይቀይሩ፤ በኢሜይል ይጀምሩ፣ የሌሎቹ ሁሉ መክፈቻ እሱ ነውና።

4. በፖሊስ ጣቢያ አቤቱታ ያስገቡና የማረጋገጫ ወረቀት ይቀበሉ። አስቸኳይ ከሆነ 100 ይደውሉ። በልጆች ላይ በኢንተርኔት ለሚደርስ ጥቃት 105፣ ለሳይበር ጥቃት ምክር ደግሞ የብሔራዊው ሳይበር አስተዳደር 119 አለ።

ተጠርጥረው ከተጠሩ

ከመርማሪ ጋር ከመነጋገርዎ በፊት ጠበቃ የማማከርና ዝም የማለት መብት አለዎት። በ2002 በወጣው ሕግ መሠረት የተጠርጣሪ ምርመራ የሚካሄደው በቋንቋው ወይም በሚረዳውና በሚናገረው ቋንቋ ነው። ዕብራይስጥዎ ለገበያ የሚበቃ ቢሆንም ለምርመራ ላይበቃ ይችላል፤ በአማርኛ እንዲሆን ይጠይቁ። ያልገባዎትን ወረቀት አይፈርሙ። የታሰረ ሰው ከሕዝብ ተከላካይ ጠበቃ ጽሕፈት ቤት (ሳኔጎርያ ጺቡሪት) ጠበቃ ሊጠይቅ ይችላል። ፖሊስም ቢሆን ስልክዎን ለመፈተሽ በመሠረቱ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልገዋል። «ፈቅደህ ክፈትልን» ከተባሉ ከመፍቀድዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ።

ጉዳዩ ከቅጣቱም በኋላ ይከተላል። በ2019 የወጣው የወንጀል መረጃ ሕግ ተራ አሠሪ የፖሊስ መዝገብ እንዳይጠይቅ ይከለክላል። ፖሊስ፣ የጸጥታ ተቋማትና በሕግ የተፈቀደላቸው ሌሎች አካላት ግን መዝገቡን ያያሉ። የጦር መሣሪያ ፈቃድ የሚጠይቅ የጥበቃ ሥራም በዚህ ምክንያት ሊዘጋ ይችላል። ለአንዲት የማወቅ ጉጉት ወይም ለአንዲት የንዴት ሰዓት ይህ በጣም ውድ ዋጋ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና የሰውን ስልክ፣ ኢሜይል ወይም ፋይል ከመንካትዎ በፊት «ባለቤቱ ዛሬ፣ ለዚህ ጉዳይ ፈቅዶልኛል ወይ?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። መልሱ «አዎ» ካልሆነ አይክፈቱት። ይህ ጽሑፍ አጠቃላይ መረጃ ነው፤ የተጀመረ ጉዳይ ያለዎት ከሆነ ጠበቃ ያማክሩ።